ዓለትና ዋልካ

ደሴ ያደገ ሰው ሽንኩርት መሬት ላይ አያስቀምጥም። ካስቀመጠ የሚያገኘው ከታችኛው ጎረቤት ደጅ ነው። እኔ ሰው ሁሉ እንዲህ የሚኖር ይመስለኝ ነበር፤ ሱቅ ሲሄድ የሚሮጥ፣ ሲመለስ የሚያለከልክ፣ ወንበር ሲያስቀምጥ ከአንደኛው እግር ስር ጠፍጣፋ ድንጋይ የሚሸጉጥ። የቤታችን በር ከታችኛዋ ጎረቤታችን ጣሪያ ጋር እኩል ነበር። ጠዋት ጥርሴን ስፍቅ የማየው የእሳቸውን ቆርቆሮ ነው፤ ከእኛ በላይ ያሉት ደግሞ የእኛን ያያሉ፤ ከሁላችንም በላይ ጦሳ ተራራ ጉም ተከናንቦ ይቀመጣል።

አባቴ ግንበኛ ነው። ደሴ ውስጥ ግንበኛ ማለት ቤት ከመሥራቱ በፊት መሬቱን የሚያቆም ሰው ማለት ነው። ቁልቁለቱን ይቆርጣል፣ የተቆረጠው እንዳይናድ የድጋፍ ግንብ ይገነባለታል፣ ግንቡን ውሃ እንዳይገፋው ቀዳዳ ይተውለታል፤ «እሺ፣ ቤቱ ስንት ክፍል ይሁን?» ብሎ የሚጠይቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ድንጋይ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ጦሳ በነፃ ልኮለታል፤ መሠረት ሲቆፈር የወጣው ጥቁር ድንጋይ ተፈልጦ ያንኑ ቤት ይሠራል።

እኛ ጴንጤዎች ነን። አንዱ በዓለት፣ አንዱ በአሸዋ ላይ ቤት ስለሠሩት ሁለት ሰዎች የሚነገረውን የወንጌል ታሪክ አባቴ እንደ ምሳሌ ተቀብሎት አያውቅም፤ የያዘው እንደ ግንባታ ደንብ ነው። ፓስተሩ ስለ ልብ ሲሰብክ አባቴ ስለ መሠረት ቁፋሮ ይሰማል፤ «አሜን» የሚለውም ለቁፋሮው ነው። የራሱን ቤት የሠራው ከመሬት ብቅ ባለ፣ ሁለት የተኙ በሬዎች በሚያክል ጥቁር ዓለት ላይ ነው። የዓለቱ ጫፍ ከግድግዳው ስር አልፎ ግቢያችን ውስጥ ይወጣል፤ እንግዳ ሲበዛ መቀመጫ እናደርገዋለን። ምስክርነት በሚሰጥበት እሁድ ሁሉ አባቴ ተነሥቶ ስለዚህ ዓለት ይናገር ነበር። ኳየር ውስጥ ያለን ልጆች ታሪኩን በቃላችን ይዘነው ከንፈራችንን እያንቀሳቀስን አብረነው እንለዋለን። የገዛ ልጁ ሆኜ እኔም ብያለሁ፣ አልዋሽም።

በዓለቱ የማያምኑት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እኒያው ታችኛዋ ጎረቤታችን፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሙስሊም እናት። የልብስ ማስጫ ገመዳቸው አንዱ ጫፍ ዓለታችን ላይ በተመታ ብረት፣ ሌላው በግቢያቸው ባሕር ዛፍ ላይ ታስሮ ነበር። ክረምት በወጣ ቁጥር ገመዱ ይረግባል፤ እሳቸውም አንድ ዙር ጠቅልለው ያሳጥሩታል።

«ወላሂ፣ ቤታችሁ ዘንድሮም ቀርቧል!» ይሉናል ወደ ላይ አንጋጠው። «ለመምጣቱ ኑ፣ ግን በበሩ ኑ!»

አባቴ «ገመድ ሲያረጅ ይረዝማል» ይላቸዋል። እኛ እንስቃለን።

ይህን ሁሉ የምተርከው ስለ ፍቅር ለማውራት ነው። ባጃጅ ደሴን አጥለቅልቆ የየሰፈሩ መንገድ ኮብልስቶን መልበስ በጀመረበት ዘመን እኔ የሃያ አራት ዓመት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርኩ። ኳየራችን ኮምቦልቻ ላለ ቤተ ክርስቲያን ፕሮግራም ተጋበዘ። ሚኒባሱ ሐረጎን አልፎ ቁልቁል መጠማዘዝ ሲጀምር ጆሮዬ ጓ አለ፤ ትንሽ ወረድ ስንል ሹራቤን አወለቅኩ፤ ኮምቦልቻ ስንገባ አየሁና አፌን ከፈትኩ። ሜዳ! ሰው ሳያለከልክ እያወራ ይሄዳል። ሽማግሌ ሳይቀር ብስክሌት ይነዳል። ደሴ ውስጥ ብስክሌት ያለው ሰው ወይ ሽቅብ ይገፋዋል፣ ወይ ቁልቁል ይሞትበታል፤ መሃል የለውም።

የወደድኩት የዚያን ቀን ኪቦርድ የተጫወተልንን ልጅ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጠጋኝ ነው፤ ጥፍሩ ስር የማይለቅ ግሪስ አለ፣ ኪቦርዱን ሲነካ ግን እጁ እንደ አዲስ ይሆናል። ከፕሮግራሙ በኋላ ለስላሳ ይዘን አግዳሚ ወንበር ላይ ስንቀመጥ ጨዋታ ለማስጀመር ብዬ ተቆጣሁት።

«ጨርቃ ጨርቁም እናንተ ጋ፣ ቆዳውም እናንተ ጋ፣ ቢራውም ብረቱም እናንተ ጋ! ደሴ እኮ ታላቃችሁ ናት። ፋብሪካ ሁሉ ለታናሽ የሚሰጠው ለምንድን ነው?»

እሱ ከኪሱ አጭር ውሃ ልክ አወጣ፤ አባቴም ያለው፣ መሃሉ ላይ ፈሳሽና አንዲት አረፋ ያለባት ዕቃ። አግዳሚው ላይ አስቀመጣት። አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ አለች። አባቴ አረፋዋን መሃል ለማምጣት ግማሽ ቀን ሙሉ ድንጋይ ሲገፋ ነው የማውቀው፤ እዚህ ማንም ሳያስገድዳት በፈቃዷ ተቀመጠች።

«ማሽን ቁልቁለት ላይ አይሠራም» አለኝ። «አንድ ጎኑ ዝቅ ካለ ራሱን ይበላል። ሜዳ ይፈልጋል፣ ውሃ ይፈልጋል፤ ቦርከና ወንዝ ደግሞ ያው እዚህ ነው። አዳልተውልን አይደለም፤ መሬቱ ነው።»

አረፋዋ እንደተቀመጠች ቀረች። እኔ ግን ወደ አንድ ጎን መሄድ የጀመርኩት የዚያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ኮምቦልቻ ጉዳይ የማይጠፋኝ ሰው ሆንኩ። ደሴ ሞልቶ የተረፈውን ጠመኔ ልገዛ ኮምቦልቻ ወርጄ አውቃለሁ። ከፋብሪካው አጥር ውጭ ባለው መንገድ ላይ ብስክሌት አስተማረኝ፤ በዚያ ረጅም ቀሚስ! እሱ ከኋላ ኮርቻውን ይዞ ይሮጣል፣ እኔ እጮኻለሁ፣ ከዚያ መያዙን ትቶ ቆሞ እንደሚስቅ ከሩቅ እሰማና ቦይ ውስጥ እገባለሁ። ከፈረቃ የሚወጡ ሠራተኞች ቆመው አጨበጨቡልኝ። ተነሥቼ እጅ ነሣኋቸው። ክርኔ እየደማ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

ሽማግሌ ላከ። ሦስት የኮምቦልቻ አባቶች፣ የሜዳ ሰዎች፣ የሰፈራችንን ደረጃ ሲወጡ ከመስኮት አየኋቸው፤ አንደኛው መሃል ላይ ቁጭ ብለው ቀሩና ሁለቱ ተመልሰው ደግፈው አመጧቸው። ከሻዩ በኋላ ትንፋሻቸው ሲመለስ «ወንድማችን፣ ልጅዎን ለልጃችን ፈልገን ነው» አሉ። አባቴ ስለ ደመወዙ አልጠየቀም። ስለ ዘሩም፣ ስለ ጸሎቱም አልጠየቀም።

«የልጁ ቤት ምን ላይ ነው ያረፈው?» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ጥሩ ሰፈር ላይ ነው።»

«ሰፈሩን አላልኩም። መሬቱን።»

«መሬቱማ...» አሉ አንደኛው፣ «ያው ጥቁር አፈር ነው። ዋልካ።»

አባቴ ኩባያውን አስቀመጠ። እናቴ እኔን አየችኝ። ዋልካ ለጤፍ ጥሩ ነው፤ ለቤት ግን ጠላት ነው። በበጋ ይሰነጣጠቅና ጫማ ይውጣል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ቤቱን ከስር ብድግ ያደርጋል፤ እንደገና ሲደርቅ ይለቀዋል። ፋብሪካዎቹ ይህን አውቀው ዋልካውን ዝቀው ጥለው በምትኩ ውሃ የማያሳብጠውን ገረጋንቲ እየሞሉና እየጠቀጠቁ ነው የተሠሩት። የእኔው ሰው ግን ባለ ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤቱን ሲሠራ መሠረቱን እስከ ጉልበት ብቻ ቆፍሮ ነበር።

ቅዳሜ አባቴ ዕቃውን ይዞ፣ እኔን አስከትሎ ኮምቦልቻ ወረደ። ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞረው፣ በጣቱ ኳኳው፤ በውጭ በኩል ከመስኮቱ በላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አገኘ። ከዕቃው ውስጥ የጣት ርዝመት ያለው ቀጭን መስታወት አወጣና ስንጥቁን አሻግሮ አጋደመው፤ ሁለቱን ጫፍ በሲሚንቶ መረገው። እሱ ሁልጊዜ ግድግዳ የሚመረምረው እንዲህ ነው፤ ስንጥቁ ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል፣ ካልተንቀሳቀሰ ይቆያል።

«ክረምቱ ሲወጣ መጥቼ አያለሁ» አለው። «ከቆየ ልጄን ትወስዳለህ።»

«ካልቆየስ?» አልኩ እኔ።

«ካልቆየ እናያለን።»

የአባቴን «እናያለን» የማያውቅ ተስፋ ሊያደርግ ይችላል። እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው «እናያለን» አንድም ቀን ታይቶ አያውቅም። እንግዲህ ትዳሬ በአንዲት ቁራጭ መስታወት ላይ ተንጠለጠለ።

ክረምቱ ገባ። ጉባኤው ሁሉ ለገበሬው ዝናብ እንዲወርድ ሲጸልይ እኔ በሹክሹክታ «ጌታ ሆይ፣ ኮምቦልቻን እለፋት» እላለሁ። ከዚያ የገበሬው ጤፍ ትዝ ይለኝና አፍራለሁ፤ «እሺ፣ ይዝነብ፤ የእሱን ግቢ ብቻ እለፈው» ብዬ አስተካክላለሁ። ጌታ የሰማው ጉባኤውን ነው። ጠዋት ጠዋት ሰማዩን አያለሁ፣ ከሰዓት ሚኒባስ እሳፈራለሁ፣ እዚያ ስደርስ ዋልካው ጫማዬ ላይ እየተለጠፈ ቁመቴን ይጨምርልኛል፤ ያንን እየጎተትኩ ከመስኮቱ ስር ቆሜ አንጋጥጣለሁ። መስታወቷ አለች። እልል ማለት ያምረኛል። በሳምንቱም እንደዚያው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንጋጥጬ ሳይ ለሁለት ተሰብራለች።

እሱ ፈረቃ ላይ ነበር። ቤት ተመለስኩና ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ፤ ጠዋት አባቴ ሲወጣ ከአልጋው ስር የዕቃ ሳጥኑን ሳብኩ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ፤ በልክ የተቆረጡ መስታወቶች ናቸው፣ ሁሉም የጣት ርዝመት፣ አሥራ ሁለት። ዓለት ላይ ቤት የሠራ ሰው ይህን ሁሉ ቆርጦ አልጋው ስር ለምን ያስቀምጣል ብዬ አልጠየቅኩም። የፍቅር ሰው ምን ይጠይቃል! አንዷን መሃረብ ውስጥ ጠቀለልኩ፤ ሲሚንቶ በፌስታል ቋጠርኩ፤ ተሳፈርኩ።

ግቢው ውስጥ ባልዲ ደፍቼ ወጣሁበት። ሲሚንቶውን በቆርቆሮ ክዳን ላይ በማንኪያ ለወስኩ፣ ስብርባሪውን ፈልቅቄ መሬት ላይ ጣልኩ፣ አዲሷን እንደ አባቴ አጋድሜ መረግኩ። ወርጄ ሳያት ሥራዬ አማረኝ። የግንበኛ ልጅ! ብስክሌቱን ከግድግዳው አንሥቼ ጭቃው ውስጥ እየዘመርኩ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርኩ።

በሦስተኛው ዙር እሱ ከበሩ ላይ ቆሟል። እኔን አይቶ ሳቀ፤ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየና ሳቁን ተወ።

«ሲሚንቶው እርጥብ ነው» አለ።

«ዝናብ ነው።»

«ከጣሪያው ክፈፍ ስር ዝናብ አይደርስም።» ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን ከጭቃው ለቀመ፤ በቱታው ጠረገው። «ለአባትሽ እነግራቸዋለሁ።»

«አብደሃል?»

«ማሽን እንኳን ስንጥቁን ሸፍኜ አላስረክብም። አንቺን እንዴት ብዬ በውሸት እወስድሻለሁ?»

ተቆጣሁ። ለማሽን ነው ወይስ ለእኔ የምታስበው አልኩት፤ ግትር፣ ብሎን አልኩት። ቱታውን ቀይሮ ወጣ። ተከተልኩት። ያው ሚኒባስ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ደሴ እስክንገባ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩበት፤ ሐረጎ ላይ ሲበርደኝ ጃኬቱን ጭኔ ላይ ጣለልኝ፤ እኔም እንደተኮሳተርኩ ለበስኩት።

አባቴ ዝናብ ከሥራ አስቀርቶት ቤት ነበር። የእኔው ሰው የተሰበረውን መስታወት ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ጋሼ፣ ይኼ እርስዎ ያደረጉት ነው። ተሰብሯል። አሁን እዚያ ያለው ሌላ ነው።»

«ማን ተካው?»

«ቤቱ የእኔ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ይሁን።»

«እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«አውቃለሁ» አለ አባቴ። «እናትሽ ጠዋት ሳጥኔን ከቦታው ወጥቶ አግኝታው ነበር። ከጥቅሉ አንዷ ጎድላለች።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በቃ፣ አለቀ፣ ቆሜ ቀረሁ ብዬ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ አጠገቤ ያለው ግትርም ቆሞ ጫማውን ያያል።

አባቴ ተነሣና ወደ ግድግዳው ሄደ። በቁልቁለቱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ጥቅስ የተጻፈበት ትልቅ ካላንደር ነበረን። በየዓመቱ አዲስ ይመጣል፤ ሁልጊዜ በዚያው ምስማር ላይ ይሰቀላል፤ ሌላ ቦታ እንስቀለው ስንል አባቴ «እዚያ ያምራል» ይል ነበር። አወረደው።

ከኋላው ስንጥቅ አለ። ከጣሪያው ተነሥቶ ወደ ወለሉ ይወርዳል። መሃሉ ላይ አንዲት የጣት ርዝመት ያላት መስታወት ተጋድማለች። ከሷ በላይና በታች የድሮ ሲሚንቶ ምርጊቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይታያሉ፤ በየጥንዱ መሃል መስታወት የለም።

«ዓለቱ ዓለት ነው» አለ አባቴ፣ ካላንደሩን ደረቱ ላይ እንደያዘ። «ግን እሱም እንግዳ ነው። ከጦሳ ተንከባሎ አፈር ላይ ያረፈ ነው፣ ስር የለውም። ውሃ ከስሩ ሲገባ ይንሸራተታል። ቤቱን ከሠራሁ በኋላ ነው የገባኝ። እናንተን እንዳላስደነግጥ ብዬ...» መስታወቷን ነካት። «ይቺ አራተኛዋ ናት።»

«አምስተኛዋ ናት» አለች እናቴ ሻይ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ።

ሁላችንም ዞርን።

«ኩታበር ለሥራ በሄድክበት ክረምት ተሰበረች» አለች የሻዩን ትሪ እንደያዘች። «መጥተህ እንዳትደነግጥ ብዬ ከሳጥንህ አንዷን ወስጄ ቀየርኳት።»

አባቴ ወደ ግድግዳው ተመልሶ ምርጊቶቹን በጣቱ ቆጠረ። አንዱ ጥንድ ላይ ጣቱ ቆመ። ቀስ ብሎ ዞረ።

«አንቺ! በዚያ ክረምት መስታወቷ ስለቆየች እኮ ሦስት እሁድ ተነሥቼ መስክሬያለሁ!»

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ትሪውን ይዛ መቆም አቅቷት ወንበር ላይ ወደቀች። ከዚያ እኔ፣ እንባዬ ሳይደርቅ። ከዚያ አባቴ ራሱ፣ ካላንደሩን አቅፎ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። እንግዳችን ብቻ ይሳቅ አይሳቅ ጨንቆት ከንፈሩን ነክሶ ቀይ ሆነ፤ በመጨረሻ እሱም ፈነዳ። ሳቃችን ከዝናቡ በላይ ሄዶ ኖሮ ጎረቤታችን ከታች ተጣሩ።

«ምን ተገኘ እናንተ ቤት?»

እናቴ መስኮት ከፍታ «ቤታችን ወደ እርስዎ እየመጣ ነው!» አለቻቸው።

«ተናግሬ የለ! ገመዴ ይዋሻል እንዴ? ኑ፣ መርሐባ!»

አባቴ ዓይኑን ከጠረገ በኋላ ወደ እንግዳችን ዞረ። «አንተ በዕለቱ ነገርከኝ። እኔ ሚስቴን ስንት ዓመት አልነገርኳትም። መሬቱ ሲደርቅ አካፋ ይዤ እመጣለሁ።» በዚህች አረፍተ ነገር ተዳርኩ።

በጥቅምት አባቴ መጣ። ለውሃ ቦይ ሊቀድድ ግቢው መሃል ቆመና ግራ ተጋባ። «ላዩ በየት በኩል ነው?» ይላል እየዞረ። ስልሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው ላይና ታች የሌለው መሬት ቆፍሮ አያውቅም! እሱና የእኔው ሰው ውሃ ልካቸውን አውጥተው መሬት ላይ ተንበረከኩና እየተከራከሩ ወደ ቦርከና የምታዘነብል ጥቂት ዝቅታ አገኙ። ቦዩ በዚያ ወጣ። በቤቱ ዙሪያ ዋልካውን ዝቀው ገረጋንቲ ሞሉበት፤ እኔ በብስክሌት ውሃ አመላለስኩ።

በዚያው ወር አንድ እሁድ አባቴ ለምስክርነት ተነሣ። እኛ ኳየሮቹ እንደ ልማዳችን ከንፈራችንን አዘጋጀን። እሱ «ዓለቱ ይሄዳል» ብሎ ጀመረ። አፋችን ተከፍቶ ቀረ።

የሠርጉ ዕለት ምሽት ኮምቦልቻ ቤታችን ገብተን ስጦታ ስንከፍት ብርድ ልብሱ፣ ቴርሞሱና ብርጭቆው መሃል በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አየሁ፤ ሳልፈታው አወቅኩት። ሳቅ ጀመርኩ። ለሙሽራ መስታወት! በየክረምቱ አንዳንድ እንድናደርግ ነው። ባሌ «ቁጠሪያቸው» አለኝ፤ አልጋው ላይ ደረደርኳቸው። አሥር ናቸው። እኔ አንዷን ስወስድ ሳጥኑ ውስጥ አሥራ አንድ ቀርተው ነበር። እንደገና ቆጠርኩ፤ ጋዜጣውን አራገፍኩ። ያቺ አንዷ የት እንደቀረች ሲገባኝ ሳቄን ትቼ አሥሩን መልሼ በጋዜጣው ጠቀለልኳቸው፤ ለእኛ አሥር ክረምት ሰጥቶን፣ ለራሱና ለእናቴ አንድ ብቻ ነው ያስቀረው።